ኮፍያው የማን ራስ ላይ ነው?

የጉዳይ ጥናት፦ አምስት ሆነን ትሮፒካል አይላንድስ የዋልንበት ቀን

ባለፈው ታኅሣሥ፣ የፈረንጆቹ ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ አምስት ሆነን ከበርሊን ተነሣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን፣ የአምስት ዓመቱ ማሙሽ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር ሊጠይቁን የመጡት አማቴ። የምንሄደው ትሮፒካል አይላንድስ ወደሚባለው ትልቅ የውሃ መዝናኛ ነበር። ውጭው በረዶ ነው። ማሙሽ ግን ከሌሊት ጀምሮ የዋና ቁምጣውን ከሱሪው ሥር ለብሷል።

ከአምስታችን በደንብ የሚዋኘው ባለቤቴ ብቻ ነው። ትልቋ ገና እየተማረች ነው። እኔና አማቴ አንችልም። ማሙሽም አይችልም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ውሃ ዳር አንድ ቀን ሙሉ እንዴት ይውላል? የዚያን ቀን ነገር በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው። በውጭም ሆነ በአገር ቤት ብዙዎቻችን ቤተሰባችን እንዲሁ ስለሆነ።

የሐምሌው ነገር

መነሻው ሐምሌ ላይ ነው። አራት ቤተሰብ ሆነን በርሊን አካባቢ ካሉት ሐይቆች አንዱ ዳር ወጣን። ሥጋ ተጠበሰ፣ ቡና ተፈላ፣ ጨዋታው ደራ። ስምንት ትልልቅ ሰዎች ነበርን። ማሙሽ ጉልበቱ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ኳስ ይዞ ይጫወታል። እኔ አባቱ እያየው ነው ብያለሁ። አባቱ እሷ እያየችው ነው ብሏል። የቀሩት ስድስቱ ደግሞ ወላጆቹ አሉ ብለዋል።

ኳሱ ትንሽ ራቀበት። ተከተለው። ከዚያ መሬቱ ከዳው።

አልጮኸም። አላንቦጫረቀም። ያወጣችው አጠገባችን ፎጣ አንጥፋ የነበረች የማናውቃት ሴትዮ ናት። ቀና ስል ልጄን በሰው እጅ ላይ ሆኖ ሲያስል አየሁት። በመካከላችን የነበረው ርቀት ከሳሎን እስከ ማድ ቤት አይሞላም። ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ አንድ ሌሊት በክትትል አደረ፣ ተመስገን በሰላም ወጣ። ውሃ ውጦ የሚያስል ልጅ ደኅና ቢመስልም ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ ያን ቀን አወቅሁ።

ለሳምንታት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሁሉም የከነከነኝ ድምፅ አለመኖሩ ነው። መስመጥ ሲባል እኔ የማስበው ጩኸትና የሚወናጨፍ እጅ ነበር። ሳነብ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የሚሰምጥ ሰው አፉ ከውሃው በላይና በታች ይላል። ብቅ ባለባት ቅጽበት አየር ለመሳብ እንጂ ለመጮህ ጊዜ የለውም። እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ላወናጭፋቸው ቢል አይታዘዙትም። ከሩቅ ላየው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጫወት ነው የሚመስለው። ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ቢቆይ ነው። ዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 300,000 ሰው ሰምጦ እንደሞተ ይገምታል። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። 60 ሰከንድ ማለት አንድ ስኒ ቡና ቀድቶ ስኳር እስኪማሰል ነው። እኔ ያን ጊዜ ቡና እየቀዳሁ ነበር።

ኮፍያው

ባለቤቴ የዋና ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ ብርቱካናማ ኮፍያ ገዛ። ጎማ ነው፣ ራስ ላይ ጥብቅ የሚል። ሕጉም ወጣ። ማሙሽ ውሃ ውስጥ ሲሆን ከሁለታችን አንዳችን ኮፍያውን እናደርጋለን። ኮፍያ ያደረገ ሰው ስልክ አይነካም። ወሬ አይዝም። ሽንት ቤት አይሄድም። ማሙሽ እጁ ከሚደርስበት አይርቅም። ሲደክመው ኮፍያውን አውልቆ በሌላው እጅ ላይ ያስቀምጣል፣ ያኛውም ራሱ ላይ እያደረገ «ተረከብኩ» ይላል። «ተረከብኩ» እስኪል ድረስ የፊተኛው ዓይኑን አይነቅልም።

እኔ መዋኘት ባልችልም መቆም እችላለሁ። ስለዚህ የሚገባበትን ውሃ በእኔ ቁመት መረጥን። ትሮፒካል አይላንድስ ውስጥ ትልቁ ገንዳ 1.35 ሜትር፣ ሐይቁ የሚባለው ሞቅ ያለው ገንዳ ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት አላቸው። እኔ 1.62 ነኝ። ሁለቱም ውስጥ እግሬ መሬት ይዞ ልጅ ብድግ ማድረግ እችላለሁ። ለማሙሽ ግን ትልቁ ገንዳ ከራሱ በላይ ነው።

ከባዱ ነገር አማቴን ማሳመን ነበር። ስድስት ልጅ አሳድገዋል። የጎረቤቱንም ልጅ ጠብቀዋል። ዕድሜያቸው 72 ነው፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ማታ ላይ ሕጉን ለልጆቹ ስናስረዳ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ፣ «እኔስ መቼ ነው የማደርገው?» አሉ።

ባለቤቴ ወለሉን አየ። እኔ ነኝ የመለስኩት።

«እማማ፣ እርስዎ ይረፉ ብለን ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያወጣ ሰው ነው የሚያደርገው።»

«ዓይኔ ደኅና ነው።»

«ዓይንዎትማ ከኛ ይበልጣል። ጉልበትዎት ነው።»

ለአማት እንዲህ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። «አያዩም፣ አይችሉም» ማለት ነው። እሳቸው መልስ አልሰጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኔ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ግን በዚህ አልለዝብም ብዬ ወስኛለሁ። ይሉኝታ የሐምሌውን ቀን አይመልስልኝም።

ጠዋት ባቡር ውስጥ መስኮት መስኮቱን እያዩ ቆይተው ድንገት አነሡት። «እኛ አገር ከብት ለአንድ እረኛ ነው የሚሰጠው» አሉ። «ለሁለት ከተሰጠማ ሁለቱም ተኝተው ያድራሉ። ልክ ናችሁ።» ባለቤቴ እጃቸውን ሳመ።

ጣራ የለበሰ ሶደሬ

ቦታው ከበርሊን ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ባቡሩ ብራንድ የሚባል ጣቢያ ያወርዳል፣ ከዚያ አውቶቡስ ይወስዳል። ሜዳው ድሮ የጦር አየር ማረፊያ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሶቭየት ጦር እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ድረስ ይዞት ቆይቷል። ከዚያ ካርጎሊፍተር የሚባል ኩባንያ መጣ። እንደ ፊኛ እየተንሳፈፈ 160 ቶን የሚሸከም የአየር መርከብ ሊሠራ አስቦ መጀመሪያ መርከቡ የሚሠራበትን አዳራሽ ገነባ። 360 ሜትር ርዝመት፣ 210 ሜትር ስፋት፣ 107 ሜትር ከፍታ። በመሃሉ አንድም ምሰሶ የለም። የኒው ዮርኩ የነፃነት ሐውልት ከነመቆሚያው 93 ሜትር ነው። ቆሞ ይገባል።

መርከቡ ግን አልተሠራም። ኩባንያው በ2002 እ.ኤ.አ. ከሰረ። ባዶውን አዳራሽ አንድ የማሌዥያ ድርጅት ገዝቶ በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. የውሃ መዝናኛ አድርጎ ከፈተው። በደቡብ በኩል ያለውን ጣራ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቀየሩት። ለዚህ ነው ውስጡ ያለው ደን በእውነተኛ ፀሐይ የሚያድገው። አየሩ 26 ዲግሪ፣ የትልቁ ገንዳ ውሃ 28 ዲግሪ ነው። የገንዳው ዳርቻ 200 ሜትር አሸዋ ነው።

ስንገባ የአማቴ መነጽር ባንዴ በእንፋሎት ተሸፈነ። ቆመው ጠበቁ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና አደረጉት። ዘንባባውን አዩ፣ ሙዙን አዩ፣ ከፍ ብለው ጣራውን አዩ። ከዚያ፣ «ሶደሬን ጣራ አልብሰውታል!» አሉ። እስካሁን ስለዚያ ቦታ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አልሰማሁም።

ለሚሄድ ሰው ሁለት ሦስት ነገር ልጥቀስ። መግቢያው ላይ ቺፕ ያለው አምባር እጅ ላይ ያስሩልሃል። ምግቡም መጠጡም በሱ ይመዘገባል፣ ሒሳቡ የሚከፈለው ሲወጣ ነው። ብር ከእጅ ስለማይወጣ ሒሳቡ ሳይታወቅ ይከመራል። የቀኑን ወጪ ቤት ሳሉ መወሰን ይሻላል። የልጅቷን ሹሩባ ገንዳ ከመግባቷ በፊት በንጹሕ ውሃ አርሰን ቅባት ቀባነው። ውሃ የጠገበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙ አይጠጣም። ሰውነትንም በሳሙና ታጥቦ መግባት ግዴታ ነው፣ ደግሞም ተገቢ ነው። ዓይን የሚያቃጥለው የገንዳ ሽታ ንጹሕ ክሎሪን አይደለም። ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲቀላቀል የሚፈጠር ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለ ደግሞ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ። ክሎሪን ቶሎ የማይገድላቸው ተሕዋስያን አሉ።

እስከ ምሳ

ጠዋቱ እንዳሰብነው ሄደ። አማቴ አሸዋው ላይ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ማሙሽ ጀርመኖች ሽቪምፍሉግል የሚሉትን በአየር የሚነፋ የክንድ መንሳፈፊያ አደረገ። እሱን ስላደረገ ግን አንዘናጋም። ሊንሸራተትና ሊወልቅ ይችላል፣ አየሩም ሊወጣ ይችላል። አባቱ ኮፍያውን አድርጎ ከጎኑ ቆመ።

በዚህ ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ጆሮን ማመን አይቻልም። ጣራው ሩቅ ነው። የልጆች ሳቅ፣ የፏፏቴው ድምፅ፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም ተደባልቆ አንድ ጉምጉምታ ይሆናል። ማሙሽ ሁለት ሜትር ላይ ሆኖ «እማ!» ሲለኝ አልሰማሁትም። አፉ ሲንቀሳቀስ ነው ያየሁት። ነፍስ አድን ሠራተኞች ገንዳው ዳር አሉ፣ ሥራቸውንም ይሠራሉ። ግን እነሱ የሚያዩት መቶ ራስ ነው። እኔ የማየው አንድ ራስ ነው።

በየሃያ ደቂቃው ኮፍያው ከራስ ወደ ራስ ዞረ። «ተረከብኩ።» «ተረከብኩ።» መጀመሪያ ትንሽ አሳፈረኝ። በሦስተኛው ዙር ግን ተለመደ። ተራዬ ባልሆነ ጊዜ ደግሞ እውነተኛ ዕረፍት አገኘሁ። ከሐምሌ ወዲህ ውሃ ዳር ጀርባዬን አስደግፌ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ትልቋ ከእሷ ዕድሜና ቁመት ጋር የሚሄደውን መንሸራተቻ ደጋገመችው። ያኛው 27 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር የሚያስፈተልከው ላይ ዓይኗ ቀርቷል።

ምሳ ላይ

ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአሸዋው ዳር ካሉት ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ተቀመጥን። ለልጆቹ የተጠበሰ ድንች መጣ። ማሙሽ መንሳፈፊያው ክንዴን ጠበቀኝ አለ። አወለቅሁለት። ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ ከካቻፑ አጠገብ አስቀመጠው። ማንም ውሃ ውስጥ የለማ።

አማቴ አይበሉም ነበር። ጾመ ነቢያት ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ማሙሽ ከሁላችንም ቀድሞ ጨረሰ። ትልቋ ለአባቷ ስለ ትልቁ መንሸራተቻ ክርክር ይዛለች፣ አባቷ እየሳቀ ይመልሳል። እኔ የፈሰሰ ጭማቂ እየጠረግሁ ነው።

«ኮፍያው የማን ራስ ላይ ነው?»

አማቴ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። ባለቤቴ እጁን ወደ ራሱ ላከ። ፀጉሩን ነካ። ከዚያ ወንበሩ ወደቀ፣ እሱም የለም።

ማሙሽ ውሃው ጫፍ ላይ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ረጥቧል። አንድ የድንች ቁራጭ በእጁ ይዟል። አባቱ ብድግ ሲያደርገው ግራ ተጋብቶ አየው። ምንም አልሆነም። ምንም ሊሆን አልነበረምም ይሆናል። ግን መንሳፈፊያው ጠረጴዛው ሥር ነበር። ከጠረጴዛው እስከ ውሃው በኋላ በእርምጃ ለካሁት፣ አሥራ ሁለት ነው። እኔ ጭማቂ ጠርጌ ጨርሼ ቀና እስክል ልጁ አንገቱ ድረስ በደረሰ ነበር።

እጄ ሲንቀጠቀጥ አማቴ አዩት። ጨበጡት። ስለ ማታው ነገር አንድ ቃል አልተናገሩም።

ምኑ ላይ ነው የሳትነው?

ባቡር ውስጥ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ደጋግመን አነሣነው። ሕጉን ያወጣነው «ማሙሽ ውሃ ውስጥ ሲሆን» ብለን ነው። ቀዳዳው እዚህ ላይ ነበር። ልጅ ወደ ውሃ የሚገባው ሰው ውሃ ውስጥ ነው ብሎ በማያስብበት ሰዓት ነው። ምሳ ላይ፣ ልብስ ሲቀየር፣ ዕቃ ሲሰበሰብ፣ «በቃ ልንሄድ ነው» ሲባል። ኮፍያ ያደረገ ሰው ውሃ ውስጥ በነቃ ዓይን ይጠብቃል፣ ከውሃ ሲወጣ ግን ሁላችንም አብረን ተዘናጋን። እንዲያውም ጠዋቱን ሙሉ በጥንቃቄ ስለጠበቅን ምሳ ላይ ይበልጥ ላላን ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነው። እማማን ከጠባቂነት ሳወጣቸው ከነገሩ ሁሉ አወጣኋቸው። ውሃ ገብቶ ማውጣትና ማየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን አይችሉም፣ ይህን አሁንም አልቀይርም። ሁለተኛውን ግን ከሁላችንም በላይ ይችሉበታል። ጾመኛ ስለነበሩ ሳህን አልያዛቸውም። ስልክ አይነካኩም። ልጅ ሲበላ ሳይሆን በልቶ ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ የማየት የሃምሳ ዓመት ልምድ አላቸው።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ሕጉን አሻሻልነው። ኮፍያው ከመግቢያው በር እስከ መውጫው በር ራስ ላይ ይዋል ተባለ፣ ውሃ ኖረም አልኖረ። ርክክቡ ደግሞ በእማማ እጅ ሆነ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ እሳቸው ይጠሩናል፣ ከአንዱ ተቀብለው ለሌላው ይሰጣሉ፣ «ተረከብክ?» ይላሉ፣ መልስ ሳይሰሙ አይለቁም። እንደ ዕድር ዳኛ ኮስተር ብለው ነው የሚያስረክቡት። 9 ሰዓት ሲሆን ቦርሳቸውን ከፍተው ዳቦ ቆሎ በሉ። ያኔም ዓይናቸው ውሃው ላይ ነበር። ከመውጣታችን በፊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት ነከሩ። ማሙሽ ጎንበስ ብሎ ጣታቸውን አጠበላቸው።

ከዚያ ወዲህ

ኮፍያ ዋና አይተካም። ትልቋ ጀርመኖች ዜፕፈርድሽን፣ የባሕር ፈረስ፣ የሚሉትን የመጀመሪያ ምልክት አግኝታለች። ከዳር ዘሎ መግባት፣ 25 ሜትር መዋኘት፣ ትከሻ ከሚደርስ ውሃ ሥር ዕቃ ማውጣት ነው ፈተናው። ብዙ ወላጅ ይህን ሲያገኝ ልጁ ዋና ቻለ ብሎ ይተወዋል። የነፍስ አድን ማኅበራቱ ግን ደጋግመው ይናገራሉ፦ አልቻለም። ችሏል የሚባለው ቀጣዩን የነሐስ ደረጃ ሲያልፍ ነው። እሱ ሩብ ሰዓት ያለማቋረጥ መዋኘትና ቢያንስ 200 ሜትር መሄድ ይጠይቃል። ልጄ ለእሱ እየተዘጋጀች ነው። ማሙሽ ተመዝግቦ ወረፋ ይጠብቃል።

እኔም ተመዝግቤያለሁ፣ ማክሰኞ ማታ ማታ። ከእኔ ጋር የሚማሩት ስምንት ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱ የአገሬ ልጆች። ያደግነው ወንዝ እየተፈራ፣ ገንዳ ደግሞ የሆቴል ነው እየተባለ ነው። ማንም ዋና ያስተማረን የለም፣ ማንም ደግሞ አልከለከለንም። በቃ ዕድሉ አልነበረም። ለልጆቻችን ግን አለ። በስድስተኛው ሳምንት ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ ዓይኔን ገለጥኩ። ከሥር ድምፅ የለም። ሐምሌ ላይ ልጄ የነበረበት ዝምታ ይህ ነው ብዬ ወጥቼ ገንዳው ዳር አለቀስኩ። አስተማሪዋ ጠበቀችኝ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁ።

እማማ በየካቲት ተመለሱ። ሻንጣቸውን ስናዘጋጅ ብርቱካናማውን ኮፍያ ፈልጌ አጣሁት። ሌላ ገዛን።

ለፋሲካ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከላንጋኖ ቪዲዮ ላከልን። ሰባት የልጅ ልጆች አሸዋው ላይ ይራወጣሉ። ስልኩን የያዘው ሰው ወደ ወንድምየው ዞረ። ግንባሩ ድረስ ብርቱካናማ ኮፍያ ጠብቆበታል፣ ዓይኑን ከውሃው አላነሣም። ከጀርባ የእማማ ድምፅ ይሰማል።

«ተረከብክ?»

«ተረከብኩ፣ እማዬ።»